«ሲስተም የለም» ከማለታችሁ በፊት ሁለተኛውን ስዊች ጠይቁት

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጋዜጣችሁን ብዙ ጊዜ የማነበው ሰርቨር ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ማንም አይመጣብኝም። የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ የማያልቅ ቅሬታ አለ፦ «ሲስተም የለም ተብዬ ተመለስኩ»። ባንክም ይሁን መሥሪያ ቤት፣ ሆስፒታልም ይሁን ኮሌጅ፣ መልሱ ያው ነው። ሰዉም ለምዶታል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትከሻዋን ትነቀንቃለች፣ ጥበቃው «ቴሌ ነው» ይላል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

እኔ ስዊች፣ ማለትም የሕንፃውን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘውን ሳጥን፣ ስሰቅልና ኬብል ስጎትት 11 ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተጠራሁባቸው «የቴሌ ነው» ከተባሉ ብልሽቶች ውስጥ ስንቶቹ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ያለ ችግር እንደነበሩ እኔና የላከኝ ድርጅት ነን የምናውቀው። የሚያናድደኝ ግን ብልሽቱ አይደለም። ዕቃ ነው፣ ይበላሻል። የሚያናድደኝ ለዚያ ቀን ተብሎ በውድ ዋጋ የተገዛ ሁለተኛ ስዊች፣ ከተበላሸው ስር አረንጓዴ መብራቱን እያብለጨለጨ ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ ማየት ነው።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው። መትከሉንስ ተክለናል። ሁለተኛውን ባላ ተንጠልጥሎ የሞከረው ሰው ነው የጠፋው።

አንዱን ቀን ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ባለ አራት ፎቅ ነው፣ ባለጉዳይ የሚበዛበት ነው፣ ይበቃል። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ መብራት ጠፍቶ ይመጣል። ሲመለስ የአንደኛው ዋና ስዊች ፓወር ሰፕላይ ይቃጠላል። ስደርስ ምድር ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት የሳጥኔን ዓርማ አይተው «ልጄ፣ አንተ ነህ እንዴ ኔትወርኩን የያዝከው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ወደ ላይ ወጣሁ። ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ራኩ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ስዊቾች አሉ፤ የላይኛው ጨልሟል፣ የታችኛው ደህና ነው። ላፕቶፔን የታችኛው ላይ ሰክቼ ኮንፊገሬሽኑን፣ ማለትም የተሰጠውን ትእዛዝ ዝርዝር፣ አየሁት። ስም አለው፣ ፓስወርድ አለው፣ ቪላኖቹም (አንዱን ኔትወርክ በየክፍሉ የሚለያዩት ክፍልፋዮች) አሉ። ጌትዌይ የሚባል ነገር ግን አንድም የለበትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ደሞዝ እንደሚበላ ሰው ነበር።

የአይቲ ክፍሉ ኃላፊ ፊታቸው ጥቁር አለ። «ባክአፕ ነው ብለው ነው ያስረከቡን» አሉኝ። አልዋሹም። ዕቃው ባክአፕ ነው። ባክአፕ መሆኑን ግን ለራሱ ለዕቃው የነገረው የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ይሄን ደብዳቤ ከአይቲ ሰዎች ይልቅ ፊርማ የሚፈርሙት ኃላፊዎች እንዲያነቡት ነው የምፈልገው። አንድ ኮምፒውተር ከራሱ ክፍል ውጪ ያለን ነገር ለማግኘት የሚያውቀው አንድ በር ብቻ ነው። በሩ ጌትዌይ ይባላል፣ ቁጥር አለው፣ 10.10.20.1 እንበል። ኮምፒውተሩ በዚህ ነገር ላይ ግትር ነው። በሩ ቢዘጋ ሌላ በር አይፈልግም፣ ያንኑ እያንኳኳ ይውላል። ስለዚህ ያ ቁጥር የአንድ ስዊች የግል ቁጥር ከሆነ፣ ስዊቹ ሲሞት ፎቁ በሙሉ አብሮ ይሞታል። ጎኑ ላይ አሥር ሌላ ስዊች ብትደረድሩ ለውጥ የለውም።

መላው ቀላል ነው። በሩን ለማንም በግል አትስጡ። የመጀመሪያው ስዊች 10.10.20.2 ይሁን፣ ሁለተኛው 10.10.20.3 ይሁን፣ 10.10.20.1 ደግሞ የጋራ ይሁን። የጥበቃ ቤት ስልክ አስቡ። ተረኛው ማንም ይሁን ማን የምትደውሉት ቁጥር ያው ነው። ሁለቱ ስዊቾችም እንደዚያው አንዱ ተረኛ፣ አንዱ ተጠባባቂ ይሆናሉ። ተረኛው በየ3 ሴኮንዱ «አለሁ» ይላል። ተጠባባቂው ለ10 ሴኮንድ ድምፅ ካጣ «ሰውየው አለቀለት» ብሎ የጋራውን ቁጥር ይረከባል። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የጋራውን ማክ አድራሻም (ዕቃው ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን መለያ) ጭምር ስለሚወርስ ኮምፒውተሮቹ በሩ ላይ ሰው መቀየሩን እንኳን አያውቁም። እኒያ ነጠላ ያጣፉ እናት ደግሞ 10 ሴኮንድ ቢዘገይባቸው «ዛሬ ትንሽ ይንቀራፈፋል» ብለው ያልፋሉ እንጂ ወደ ቤታቸው አይመለሱም።

ይሄ የተረኛና የተጠባባቂ ዘዴ ስም አለው፤ የነገርኳችሁ ሴኮንዶች ሲስኮ የተባለው የስዊች አምራች ኤችኤስአርፒ የሚለው ዘዴ ካልተነካ ይዞት የሚመጣው ነው። ሁሉም አምራች የሚጋራው ቪአርአርፒ የሚባለው ወንድሙ ደግሞ በየ1 ሴኮንዱ ነው «አለሁ» የሚለው፤ ከሦስት ሴኮንድ ትንሽ አለፍ ሲል ይረከባል። ሁለቱም ለሕዝብ በሰነድ ወጥተው የታተሙት በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ እኔ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አዲስ ቴክኖሎጂ ነው፣ ከአቅም በላይ ነው፣ ሥልጠና ያስፈልገዋል የሚለው ምክንያት እንግዲህ አይሠራም። በአብዛኛው ስዊች ላይ በአንድ ቪላን አራት አምስት መስመር ትእዛዝ ነው። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይቀዳ ያልቃል።

አንድ ነገር ግን ጨረታ ለምታወጡ ሰዎች። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል ተብሎ ዘንድሮ አንዱን ከአንድ አምራች፣ ለከርሞ ሁለተኛውን ከሌላ አምራች መግዛት የተለመደ ነው። ኤችኤስአርፒና ቪአርአርፒ አይግባቡም። አንዱ ሲስኮ ሌላው ሁዋዌ ከሆነ የጋራ ቋንቋቸው ቪአርአርፒ ነው። ይሄ ከመገዛቱ በፊት ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ካልተጻፈ በኋላ የሚጣሉት ዕቃዎቹ ብቻ አይሆኑም።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ላውጣ፤ ሌላውን ብቻ ሳማ ደስ አይልም።

ያን መሥሪያ ቤት እኔው ራሴ አስተካከልኩት። ኮራሁ። ለአንደኛው ስዊች የቅድሚያ ቁጥር 120 ሰጠሁት፣ ሁለተኛውን ካልነካችሁት ይዞት በሚመጣው 100 ላይ ተውኩት፤ ተረኛ የሚሆነው ቁጥሩ የበለጠው ነው። ከዚያ ደግሞ ትራኪንግ የሚባለውን ጨመርኩ። ይሄ ምንድን ነው፣ ስዊቹ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ወደ ውጪ የሚወስደው ፋይበር ቢቆረጥስ? ስዊቹ አልሞተም፣ በየ3 ሴኮንዱ «አለሁ፣ አለሁ» ይላል፣ ተጠባባቂውም አምኖት ይቀመጣል፣ ሰዉ ግን የትም አይደርስም። በሩ ክፍት ነው፣ ከበሩ ጀርባ ገደል ነው። ትራኪንግ ያለው ስዊች የውጪው መስመሩ ሲቆረጥ ቁጥሩን ራሱ ዝቅ ያደርግና ለሌላው ይለቅቃል።

ከአምስት ወር በኋላ አጥሩ ስር በሚካሄድ ቁፋሮ ፋይበሩ ተበጠሰ። ስልኬ ጮኸ። «ባክአፑ አልሠራም» አሉኝ። አይሆንም አልኩ፣ ተከራከርኩ፣ ኋላ ሄጄ አየሁት። ትራኪንጉ ሠርቷል። ቁጥሩን ቀንሷል። ምን ያህል እንደሚቀንስ ካልነገራችሁት የሚቀንሰው 10 ነው፤ እኔ ደግሞ አልነገርኩትም። 120 ሲቀነስ 10፣ 110። 110 ከ100 ይበልጣል። ስለዚህ አንደኛው ስዊች መንገዱ ተቆርጦም ተረኛነቱን እንደያዘ ቁጭ ብሏል። አንደኛ ክፍል የሚሠራ ሂሳብ ነው። ላቤ ጠብ አለ። በ30 እንዲቀንስ አድርጌ፣ ሁለተኛው ላይ ደግሞ ቁጥሩ የበለጠ እንደሆነ ቦታውን እንዲነጥቅ የሚፈቅደውን ትእዛዝ ጨምሬ ወጣሁ። ይሄ መንጠቅ የሚባለው ነገር በኤችኤስአርፒ ላይ ካላበራችሁት ጠፍቶ ነው የሚመጣው። በቪአርአርፒ ላይ በተቃራኒው በርቶ ነው የሚመጣው። ስንቱ ሰው እዚህ ላይ እንደሚሳሳት!

ታሪኩ አላለቀም። ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ አንደኛውን ሆን ብለን አጠፋነው። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ሠሩ። የሠራተኛ መግቢያ ሰዓት የሚመዘግበው የጣት አሻራ ማሽን ግን ሞተ። ሁለት ፕሪንተርና በር ላይ ያለው ካሜራም አብረው ሞቱ። ምክንያቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ከዓመታት በፊት ማሽኖቹን የገጠመው ሰው ጌትዌይ የሚለው ቦታ ላይ በእጁ የጻፈው የጋራውን ቁጥር ሳይሆን የአንደኛውን ስዊች የግል ቁጥር ነበር። ተረኛው ቢቀየርም እነሱ የሚደውሉት የሞተው ሰውዬ ሞባይል ላይ ነው። የጣት አሻራው ማሽን እንዲሁ ቢቀር የሚመርጡ ሠራተኞች እንደነበሩ ደግሞ አልደብቃችሁም፤ አንዱማ «ለምን አትተወውም፣ ቅዳሜህን አታጥፋ» ብሎኛል።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ስላጠፋነው ብቻ ነው። ኮንፊገሬሽኑን በዓይኔ ሃያ ጊዜ ባነበው ፕሪንተሩን አላገኘውም ነበር።

አሁን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ኃላፊዎች ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፦ «ታዲያ ይሄ ሁለተኛው ስዊች አንደኛው እስኪሞት ዝም ብሎ ሊቀመጥ ነው? ያን ያህል ገንዘብ አውጥተን?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መቀመጥ የለበትም። ሥራውን ማካፈል ይቻላል። ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ላሉት ቪላኖች አንደኛውን ስዊች ተረኛ ታደርጉታላችሁ፣ ለላይኞቹ ፎቆች ሁለተኛውን። እያንዳንዱ በአንድ በኩል ተረኛ፣ በሌላው በኩል ተጠባባቂ ይሆናል። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሁሉንም ይይዛል። እዚህ ላይ የተረሳች ነገር አለች፤ ስፓኒንግ ትሪ የሚባለውም፣ ማለትም ትራፊኩ በኬብሎቹ መሃል እንዳይሽከረከር መንገዱን የሚመርጠው ዘዴ፣ አብሮ መከፈል አለበት። የአንድ ቪላን ጌትዌይ ሁለተኛው ስዊች ላይ ሆኖ የስፓኒንግ ትሪው ማዕከል (ሥር የሚሉት) አንደኛው ላይ ከቀረ፣ ትራፊኩ ከሜክሲኮ ቦሌ ለመሄድ በፒያሳ ይዞራል። ይደርሳል፣ ግን ለምን?

ጂኤልቢፒ የሚባል የሲስኮ ሌላ ዘዴም አለ፤ በአንድ ቪላን ውስጥ እንኳን እስከ አራት ስዊች ወይም ራውተር ድረስ ሥራውን ያከፋፍላል። ለአንዱ ኮምፒውተር የአንዱን ማክ አድራሻ፣ ለሌላው የሌላውን እየሰጠ። ጥሩ ነው፤ ሁሉም ስዊች ላይ ግን የለም። ለእንደኛ ዓይነት ባለ አራት ፎቅ ቪላኑን መክፈል ይበቃል ባይ ነኝ።

ሥራ ስታካፍሉ ግን ተጠንቀቁ። የበሬ ጥማድ አታድርጉት። አንዱ በሬ ሲሞት ሌላው ብቻውን አያርስም፤ ገበሬው መቀናጆ ፍለጋ ጎረቤት ይሄዳል። ሁለቱ ስዊቾች፣ ወይም ሁለቱ የኢንተርኔት መስመሮች፣ እያንዳንዳቸው ሰባና ሰማንያ በመቶ ተጭነው ከዋሉ፣ አንዱ ሲወድቅ የቀረው ሊሸከመው አይችልም። ያኔ ሁለት ጎማ ይዞ ስፔር እንደሌለው መኪና ናችሁ። በሰላሙ ቀን ሁለቱም ከግማሽ በታች መዋል አለባቸው። ይሄን የምነግረው ኃላፊ ሁሉ «ግማሹ ባዶ ነው ማለት ነው? እንግዲያው ጥቅሉን ዝቅ እናድርገው» ይለኛል። እባካችሁ አታድርጉት።

ስለ መስመር ከተነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሁለት አቅራቢ ሁለት መስመር ማስገባት የሚቻልበት ቦታ አለ። አንዳንዱ ድርጅትም ይህንኑ አስቦ አስገብቷል። ደግ አደረጉ። ግን ሁለቱም ፋይበር በአንድ ቱቦ፣ በአንድ ቦይ፣ በአንድ ቀዳዳ ነው ሕንፃው የሚገቡት። አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንድ ማንኪያ ያነሳቸዋል። ሁለቱ ስዊቾች ደግሞ በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን)፣ ባስ ሲልም በአንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተው አይቻለሁ። ያቺ ስምንት ቀዳዳ ያላት ነጭ ዲቫይደር። ከመርካቶ ተገዝታ የመጣች። በመቶ ሺዎች የወጣበት ዕቃ ሕይወቱ በእሷ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ በየቀኑ በአጠገቧ ያልፋል። ሁለት ባላ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ማለት ይሄ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፤ በአጭሩ። በሁለቱ ስዊቾች መሃል ያለው ኬብል ቢነቀል ወይም ቪላኑ በዚያ ኬብል እንዳያልፍ ቢከለከልና ሌላ መገናኛ ባይኖራቸው፣ «አለሁ» መባባላቸው ይቋረጣል። ያኔ ሁለቱም «ሌላው ሞቷል» ብለው ሁለቱም ተረኛ ይሆናሉ። አንድ ስልክ ሁለት ሰው ያነሳዋል። ከሙሉ ብልሽት ይልቅ ይሄኛው ያስለቅሳል፤ አንዳንዱ ኮምፒውተር ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ቫይረስ ነው ይላል። መሃላቸው ያለውንም ኬብል ሁለት አድርጉት።

አዘጋጅ ሆይ፣ ብዙ ቀባጠርኩ። የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው። ጨረታ ሲወጣ «ሁለት ስዊች» ብቻ አይጻፍ። በርክክብ ቀን፣ ክፍያው ከመለቀቁ በፊት፣ ገዢው በራሱ እጅ የአንደኛውን ስዊች የፓወር ኬብል ይንቀል፤ ዕቃው ተቆጥሮ፣ ሲሪያል ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦ ብቻ አይፈረም። ከዚያ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በቅዳሜ፣ ያንኑ ይድገም። ስዊቹን ብቻ አይደለም፤ ፋይበሩንም ይንቀል፣ ዩፒኤሱንም ያጥፋ። «የሚሠራን ነገር አትንካ» የሚለኝን ኃላፊ አልወቅሰውም። ቢቋረጥ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ አንድም ሰው «ሞክረህ ስላወቅክ ጎበዝ» አይለውም። ግን ቅዳሜ ከሰዓት እኔና እሱ ብቻችንን ሆነን ብናየው ይሻላል ወይስ ረቡዕ ጠዋት ምድር ቤቱ በሰው ተሞልቶ?

የእናንተም ጋዜጠኞች በቀጣይ አንድ ቦታ «ሲስተም የለም» ሲባሉ፣ «መቼ ይመለሳል?» የሚለውን ትተው «ሁለተኛውን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ሞከራችሁት?» ብለው ይጠይቁልኝ። ፊታቸውን እያዩ።

ያ መሥሪያ ቤት ባለፈው ወር እንደገና ተሞክሯል። ኬብሉን የነቀሉት ራሳቸው ኃላፊው ናቸው፤ እጃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠች። ላፕቶፑ ላይ ፒንጉ (ግንኙነቱን በየጊዜው የሚሞክረው መልእክት) ሦስት ጊዜ ተቋረጠና ቀጠለ። «አለቀ? ይኸው ነው?» አሉኝ። ይኸው ነው አልኳቸው። የጣት አሻራው ማሽንም ሠርቷል፤ ሠራተኞቹ አዝነዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ